ራምፕ አለው ተባለ፣ እህቴ ግን አልወጣችበትም

የሙጋድ ልጅ (ጥር 12 ቀን 2015)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ደሴ ሙጋድ አካባቢ ጂ+2 ሕንፃ እያሠራን ነው። የአባቴ የዕድሜ ልክ ጥሪት እዚያ ላይ ነው ያለው። ግራውንዱን ከፊሉን ለክሊኒክ፣ ከፊሉን ለሱቅ ልናከራይ ተነጋግረናል። ታናሽ እህቴ ጦርነቱ በ2014 ደሴ በገባ ጊዜ ከተጎዳች ወዲህ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ አባቴ ለመሐንዲሱ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፦ «ልጄ በራሷ እጅ የምትገባበት ይሁን።»

ፕላኑ ላይ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) አለ። ፈቃድ ያገኘነውም በዚያው ፕላን ነው። ባለፈው ሳምንት ተሞልቶ ደረቀና እህቴን ይዘናት ሄድን። ግማሽ አልደረሰችም። እጇ ጎማው ላይ ነጣ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ከመሬት ተነሱ። ከኋላ ባልይዛት በጀርባዋ ትወድቅ ነበር። ምንም አላለችም። «መልሰኝ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ለካሁት። ከመሬት እስከ በሩ ደፍ አምስት ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱ 17 ሴንቲ። የራምፑ ርዝመት 3 ሜትር ከ40 ነው። ሠራተኛው «ራምፕ ማለት ይሄው ነው፣ ደሴ ዳገት ናት፣ ምን ይደረግ» ይለኛል። ሕጉ ምንድን ነው የሚለው? ልክ የሚባል ነገር አለው ወይስ «ራምፕ አለው» ከተባለ አለቀ?

---

መሐንዲስ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እህትህን አላህ ያበርታት። ልክማ አለው።

ቁጥሮችህን ላስላልህ። አምስት ደረጃ በ17 ሴንቲ 85 ሴንቲ ነው። 85 ሴንቲ ከፍታን በ3.40 ሜትር መውጣት ማለት በየአራት እርምጃው አንድ እርምጃ ወደ ላይ ማለት ነው፣ 1 ለ 4 እንለዋለን። እሱ ለዕቃ ማውረጃም ይከብዳል። በሙያችን የሚታወቀው ልክ 1 ለ 12 ነው። አንድ ሴንቲ ለመውጣት አሥራ ሁለት ሴንቲ መሄድ። ስለዚህ ያንተ 85 ሴንቲ 10 ሜትር ከ20 ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሰው መሐል ላይ ትንፋሽ የሚወስድበት ሜዳ ቦታ ያስፈልጋል፣ 1.50 ሜትር ያህል። በድምሩ ወደ 11.70 ይመጣል።

ሕጉን ለጠየቅከው፦ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ነው። የሕዝብ ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። በዊልቸር የሚሄደውንም፣ እየተራመደ ደረጃ መውጣት የማይችለውንም ለይቶ ይጠቅሳል። ብዙ ሰው ይቺን ሁለተኛዋን ይረሳታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶቻችን እዚያ ውስጥ አሉ። መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ የሆነ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚመችና ሊደርሱበት የሚችሉት እንዲሆን ይላል። ከአዋጁ በታች ደንብ ቁጥር 243/2003 እና መመሪያ ቁጥር 5/2003 አሉ።

እና «ራምፕ አለው» አያልቅም። ሕጉ «የሚመች» ነው የሚለው። እህትህ የማትወጣበት ለማን ነው የሚመቸው?

---

ባለዊልቸሯ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

የሙጋድ ልጅ፣ እህትህ «መልሰኝ» ስትል ምን እንደተሰማት አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ እኔ።

ሰው ራምፕን ብቻ ነው የሚያስበው። እስቲ ከራምፑ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ። አንድ ቢሮ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራምፑ ደህና ነው። እዚያ ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ ግማሹ ተከፋች ተቀርቅሯል። ክፍቱ 60 ሴንቲ ቢሆን ነው። የኔ ወንበር ከእጀታ እስከ እጀታ 66 ነው። ዘበኛው ቁልፉን ፍለጋ ሄደ። ወረቀቴን ታቅፌ ፀሐይ ላይ ቆየሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ የአካል ጉዳተኛ ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤት አለ። ከፈቱልኝ። መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የቀለም ጣሳ። መጋዘን አድርገውታል። ልጅቷ በጣም አፈረች፣ ዕቃውን ማውጣት ጀመረች። እኔ ግን ያኔ መጠበቅ አልችልም ነበር። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ለአባትህ የምልህ እነዚህን ነው። የበሩ ክፍት 80 ሴንቲ አይነስ፣ ፍሬሙ ሳይቆጠር፣ በሩ ተከፍቶ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። ደፍ አታድርጉ። ሁለት ሴንቲ ደፍ ለእናንተ ምንም ነው፣ የእኛን የፊት ጎማ ግን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። መጸዳጃ ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ ከተከፈተ እኔ ከገባሁ በኋላ አይዘጋም። ውስጡም ወንበሩ የሚዞርበት 1.50 በ1.50 ባዶ ቦታ ይኑር። መቀመጫው ጎን የሚያዝ ብረት ይኑር፣ እሱም ከግድግዳው ጋር በደንብ ይታሰር። ፎጣ መስቀያ ይዤ የወደቀች ጓደኛ አለችኝ።

የራምፑን ሊሾ አታለስልሱት። ደሴ ክረምት ላይ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ዝናብ ሲመታው በረዶ ነው የሚሆነው። ሸካራ ይሁን፣ በመጥረጊያ አግድም ይሰረዝ።

---

አሮጌው ግንበኛ

ልጆቼ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ግንባታ ላይ ነኝ። ከደሴ እስከ ወልድያ ያልሠራሁበት የለም። ግንበኛው ላይ ብቻ አትፍረዱ። ፕላን ላይ ራምፕ ሲሰጡን ሁለት መስመርና አንድ ቀስት ነው። ከፍታው አልተጻፈም፣ ርዝመቱ አልተጻፈም። ቁፋሮ ሲጀመር ደግሞ መሬቱ ፕላኑ ላይ እንዳለው አይሆንም። ደሴ ነዋ። የበሩ ወለል 40 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ራምፑ ግን እዚያው ቦታ ውስጥ እንዲገባ ይፈለጋል። ያኔ ነው ገደል የሚሆነው።

አርማታው ሳይሞላ እንዲህ አድርጉ። 1.20 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ያዙ። ፎርምወርኩ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ላይ በቁልቁለቱ አቅጣጫ አስተኙት፣ ላዩ ላይ ውሃ ልክ አድርጉ። የታችኛውን ጫፍ አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ አንሡት። ከዚያ በጫፉና በፎርምወርኩ መሐል ያለውን ክፍተት በሜትር ለኩ። 10 ሴንቲ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። ካለፈ አስቁሙ። መሐንዲስ አያስፈልገውም፣ አባትህም ይችለዋል።

ያንተ ለክተኸው ቢሆን 30 ሴንቲ ነበር የሚሆነው።

---

የሙጋድ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሄጄ ለካሁት። 30 ሴንቲ። ልክ እንዳሉት።

ግን ቦታ የለኝም። ከበሩ እስከ አስፋልቱ 4 ሜትር ብቻ ነው። 11 ሜትር ከየት አመጣለሁ?

---

አንድ አስተያየት አለኝ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ላስከፋ አይደለም። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈች ናት። መንገዱ ራሱ ዳገት ነው። ራምፑን ብታስተካክሉት እንኳ እስከ ሕንፃው ማን ይደርሳል? ለጥቂት ሰው ይህን ሁሉ ወጪ ቤተሰብ ላይ መጫን ከባድ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሁሉም ሰው ከዜሮ ነው የጀመረው።

---

ባለዊልቸሯ

አልከፋኝም፣ ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው። እኔ በባጃጅ ነው የምሄደው። ባጃጁ በር ላይ ያወርደኛል፣ ሹፌሩ ወንበሬን ይዘረጋልኛል። ዳገቱን ባጃጅ ይወጣዋል። አምስቱን ደረጃ ግን ባጃጅ አይወጣውም። እነዚያን አምስት ደረጃዎች ሁለት የማላውቃቸው ወንዶች ናቸው ተሸክመው የሚያወጡኝ። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በእግሬ። ሴት ነኝ። ይኼ ምን ማለት እንደሆነ እህት ያለው ሁሉ ያስበው።

«ከጦርነቱ በኋላ» ላልከው ደግሞ፣ በጦርነቱ ምክንያት ነው ቁጥራችን የጨመረው። አሁን እየፈረሰና እየተሠራ ባለበት ሰዓት ካልተስተካከለ መቼ ሊስተካከል ነው?

---

አንድ አስተያየት አለኝ

የመሸከሙን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። አውፍ በይኝ እህቴ።

---

ወሎዬ ከሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ አንድ አሮጌ ሱቅ ተከራይቼ ምግብ ቤት ሳደርግ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ለአባትህ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፣ በተለይ «ልክ አለው ወይ» ለሚለው።

እኔ ሁሉንም ነገር አንድ ሕግ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፣ በአጭሩ ኤዲኤ ይሉታል። እሱ የፌዴራል ሕግ ነው፣ የዜጋ መብት ሕግ። የሕንፃ ኮድ አይደለም። ሁለተኛው የየስቴቱ የሕንፃ ኮድ ነው። ካሊፎርኒያ የራሷ አላት፣ ታይትል 24 የሚባለው ውስጥ። ቴክሳስም የራሷ አላት። ማሳቹሴትስም። ሜሪላንድም እንዲሁ። ብዙዎቹ መሠረታቸው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ የሚባለው ነው፣ ከዚያ ላይ እያንዳንዱ ስቴት ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያጠብቃል።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ሜትር ይዞ የሚመጣው ተቆጣጣሪ የሚያስፈጽመው የስቴቱንና የአካባቢውን ኮድ ነው። ኤዲኤን የማስፈጸም ሥልጣን የለውም። ስለዚህ እሱ «አልፈሃል» ቢልህ እንኳ በዊልቸር መጥቶ መግባት ያልቻለ ሰው በኤዲኤ ሊከስህ ይችላል። ፈቃዱን ይዘህ ፍርድ ቤት ብትቆም አያድንህም። ሁለቱ ሲለያዩ ጠበቅ ያለውን መከተል ነው። የአንዳንድ ስቴቶችን ኮድ የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት መርምሮ ከኤዲኤ ጋር እኩል ነው ብሎ መስክሮላቸዋል። እሱም ቢሆን ክስ ሲመጣ ጥሩ መከላከያ ይሰጣል እንጂ ክሱን አያስቀርም።

ቴክሳስ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። እዚያ የግንባታው ግምት 50,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ፕላኑ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ብቻ ለብቻው ይመዘገባል፣ ይታያል፣ ሲያልቅም ቦታው ድረስ ሄደው ይለኩታል። ይህችን ነው እኔ የወደድኳት። ወረቀቱ ላይም ይታያል፣ ሲሚንቶው ላይም ይታያል።

ልኮቹን በሴንቲ ላስቀምጥ። ራምፕ 1 ለ 12 ነው፣ መሐንዲሱ እንዳሉት። አንድ ጉዞ ከ76 ሴንቲ በላይ አይወጣም፣ ካለፈ መሐል ላይ ሜዳ ይሠራል። ያንተ 85 ስለሆነ ነው ማረፊያ የሚያስፈልገው። ስፋቱ ከ91 አያንስም። ከፍታው ከ15 ሴንቲ ካለፈ በሁለቱም በኩል መደገፊያ ብረት ይደረጋል። በር 81 ክፍት። ደፍ ከ1.3 ሴንቲ አይበልጥም። የመጸዳጃ መቀመጫ ከፍታ ከ43 እስከ 48።

የኔን ልንገራችሁ። ተቆጣጣሪው የመጸዳጃ ቤቱን ብረት በእጁ ይዞ በሰውነቱ ሙሉ ተንጠለጠለበት። ግድግዳው ጂፕሰም ነበር፣ ውስጡ እንጨት አልነበረውም። ብረቱ ከነግድግዳው ወጣ። ተናድጄ ነበር። በኋላ ነው እናቴ ለጥየቃ መጥታ ያቺኑ ብረት ይዛ ስትነሣ ያየሁት።

---

መሐንዲስ ከኮምቦልቻ

ወሎዬ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። የእኛ ከዚህ ይለያል። አዋጁ የፌዴራል ነው፣ አፈጻጸሙ ግን በየከተማው ባለ የሕንፃ ሹም ነው። የፕላን ስምምነት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ። ሕንፃዎችም በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ይከፈላሉ። የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ፣ ወይም ማንኛውም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ ሐ ነው፣ ቁጥጥሩም የጠበቀ ነው። አዋጁ 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች የሚሠራ ስለሆነ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ውስጥ ናቸው።

አሁን ስለ ቦታህ። ጥያቄ አለኝ። ሕንፃው ከኋላው በኩል መንገድ አለው?

---

የሙጋድ ልጅ

አለው። የላይ ሰፈር መሄጃ ቅያስ ነው፣ ኮብልስቶን የተነጠፈ። ከአንደኛ ፎቅ ወለል 25 ሴንቲ ያህል ዝቅ ይላል። ለምን?

---

መሐንዲስ ከኮምቦልቻ

አልሐምዱሊላህ። በቃ አገኘነው።

25 ሴንቲ በ12 ሲባዛ 3 ሜትር ነው። ማረፊያ እንኳ አይፈልግም። ደሴ ዳገት ናት እያልን እናማርራለን፣ ግን ዳገት ላይ ያለ ሕንፃ ሁለት መሬት አለው። ከታች መንገድ ሲታይ አንደኛ ፎቅ የሆነው ከላይ መንገድ ግራውንድ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ዕድል አናገኘውም። ክሊኒኩን ወደ አንደኛ ፎቅ አውጡት። መግቢያውን በላይኛው ቅያስ አድርጉት። ሱቆቹ ከታች ይሁኑ።

---

ባለዊልቸሯ

ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን አንድ ነገር ቃል ግቡልን። የጓሮ በር አታድርጉት።

ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚደረገው። «በኋላ በኩል መግቢያ አላችሁ» ይሉናል። በኋላ ስንሄድ ቆሻሻ የሚወጣበት ላሜራ በር ነው፣ ተቆልፏል፣ መብራት የለውም፣ ደወል የለውም። ክሊኒኩ እዚያ ከሆነ ታፔላው እዚያ ይሁን። እንግዳ መቀበያው እዚያ ይሁን። ጤነኛውም በዚያው ይግባ። አንድ በር ለሁሉም።

ሁለተኛ፣ ከታች ያሉት ሱቆችስ? እህትህ መድኃኒቷን ከላይ ካገኘች ሳሙናዋን ከታች ማን ይገዛላታል?

---

የወልድያዋ የሕግ ተማሪ

በሕጉ በኩል ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው «ለምኜ ነው» ብሎ ነው የሚያስበው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ሙሉ በሙሉ ስለ ተደራሽነት ነው፦ ሕንፃ፣ መንገድ፣ ትራንስፖርት፣ መረጃ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሥራ ቦታ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፣ አሠሪው የሥራ አካባቢውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ክሊኒኩ ነገ እህትህን ካርድ ክፍል ቢቀጥራት ያ አዋጅ ይመጣል ማለት ነው።

የሚሠራውን ሰው ለማስቆም ምርጡ ጊዜ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ነው። የሕንፃ ሹሙ ቦታው ላይ መጥቶ እንዲያይ በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ ስል በጽሑፍ ነው። ቅጂውን አስቀሩ፣ ቀን ይጻፍበት። የሹሙ ውሳኔ ካላስደሰተ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ በአዋጁ ተደራጅቷል።

የትነበርሽ ንጉሤን የማታውቁ ካላችሁ፣ የእኛው የወሎ ልጅ ናት፣ አማራ ሳይንት ነው የተወለደችው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሕግ ተምራ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስትሟገት እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝታለች። ሕግ ትምህርት ቤት ስገባ እሷን አስቤ ነው። እና እባካችሁ ማየት የተሳናቸውንም አስቡ። የራምፑና የደረጃው መጀመሪያ በእግር የሚታወቅ የወለል ለውጥ ይኑረው። የደረጃው ጠርዝ ቢጫ ይቀባ። በር ላይ ክፍት የጎርፍ ቦይ አይተው።

---

ሐይቅ ዳር

የእኛ ሰፈር መስጊድ ሲታደስ ሽማግሌዎቹ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አብረው ነው ያዋጡት። አባቴ በክራንች ነው የሚሄደው። የውዱእ ቦታው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነበር፣ ሁልጊዜ ርጥብ። ሁለቴ ወድቋል። አሁን ወለሉን አንድ አደረጉት፣ ውሃው በቀጭን መስመር እንዲፈስ ሆነ፣ አንዲት ቧንቧ ከፍ ብላ ተተከለች፣ አጠገቧ ወንበር። ያቺ አንዲት ቧንቧ ብዙ ወጪ የሚባል ነገር አላስከተለችም። ዛሬ ግን አሮጌው ሁሉ የሚሰለፈው እሷ ላይ ነው።

---

የሙጋድ ልጅ (መጋቢት 3 ቀን 2015)

ዝም ያልኩት እየሠራን ስለነበር ነው። ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

የድሮውን ራምፕ አፈረስነው። መዶሻው ሲመታው አባቴ አልቻለም፣ ወደ ውስጥ ገባ። ገንዘብ ነው። ግን «ይፍረስ» ያለው ራሱ ነው።

ክሊኒኩ አንደኛ ፎቅ ሆነ። ተከራዩ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፣ ታፔላዬ አስፋልት ላይ ካልታየ አለ። ሁለት ታፔላ ተስማማን፣ ከታች ቀስት፣ ከላይ ስሙ። የላይኛው በር ባለሁለት ተከፋች ነበር፣ አንዱን ብቻ ቢከፍቱት እንኳ 90 እንዲሆን ቀየርነው። መጸዳጃ ቤቱን ከጎኑ ካለው ዕቃ ቤት ቀንሰን አሰፋነው። ብረቱ ላይ እኔ ራሴ ተንጠለጠልኩበት። አልተነቃነቀም።

ለሱቆቹ ደግሞ ራምፑን ወደ አስፋልቱ ሳይሆን በግድግዳው ትይዩ አደረግነው። የሕንፃው ፊት 14 ሜትር ስለሆነ 11.70ው ገባ። ጥግ ያለው ሱቅ በሩን ማዛወር ነበረበት። እሱ ገና አላለቀም፣ ፎርምወርኩ ብቻ ነው ያለው። ትናንት በጣውላና በውሃ ልክ አባቴ ለካው፦ 10 ሴንቲ። እኔንም አስጠርቶ አስለካኝ። አሁንም 10።

የላይኛውን እህቴ ሐሙስ ወጣችው። ከኋላዋ ቆሜ ነበር። እጆቼን ዘርግቼ፣ ሳልነካት። መሐል ላይ ቆመችና ዞር ብላ «ምን ትሠራለህ እዚያ?» አለችኝ። ከዚያ ሄደች። በሩን ራሷ ገፋችው።

አንድ ችግር ቀርቶናል። ቅያሱ ላይ ያለው ኮብልስቶን የፊት ጎማዋን እየያዘ ያቆማታል፣ ባጃጅ ከሚያወርዳት ቦታ እስከ ራምፑ ሥር ስድስት ሜትር ያህል አለ። ድንጋዩን አንሥተን ለስላሳ መሥራት እንችላለን ወይስ መንገዱ የከተማው ስለሆነ ፈቃድ እንጠይቅ?

---

አሮጌው ግንበኛ

ጠይቁ ልጄ፣ መንገዱ የከተማው ነው። የሕግ ተማሪዋ እንዳለችው በጽሑፍ። እስከዚያ ግን ድንጋዩን ሳትነኩ በመሐሉ ያለውን ክፍተት በደቃቅ አሸዋና በሲሚንቶ ሙሉት፣ አጥብቃችሁ፣ እስከ ድንጋዩ አፍ ድረስ። አንድ ሜትር ስፋት ይበቃታል። እሑድ ነፃ ነኝ፣ መጥቼ አሳይሃለሁ።